ከክቡር ዘበኛ እስከ ጥበቃ ባለሙያ፦ የሥራ ስሞች የሚሸከሙት ሌላ ትርጉም

የሥራ ማስታወቂያዎችን ከዓመት ዓመት የሚያነብ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ሥራው ያው ነው፤ ስሙ ግን ይታደሳል። ትናንት «ዘበኛ» ይባል የነበረው «የጥበቃ ሠራተኛ» ሆነ፤ አሁን ደግሞ «የጥበቃ ባለሙያ» ወይም በአጭሩ «ሴኩሪቲ» እየተባለ ነው። «ጠራጊ» የተባለችው «የጽዳት ሠራተኛ»፣ ቀጥላም «የጽዳት ባለሙያ» ሆናለች። «ኩሊ» ከጽሑፍ ጠፍቶ «ጫኝና አውራጅ» ተተክቶበታል። «ወያላ» የሚለውን ስም በአደባባይ መጥራት የማይወዱ ሰዎች «ረዳት» ይሉታል። ከስሙ ጋር ደመወዙም አብሮ አደገ ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ግን የማስታወቂያው የመጨረሻ መስመር ብዙ ጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ በስምምነት።

«ዘበኛ» ከመነሻው የሚያሳፍር ቃል አልነበረም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንጉሠ ነገሥት ጠባቂ ጦር መጠሪያው ክቡር ዘበኛ ነበር። በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የተውጣጡት ከዚሁ ጦር ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይም የክቡር ዘበኛ አዛዥ ነበሩ። በዚያ ዘመን «ልጄ ዘበኛ ነው» የምትል እናት አንገቷን ቀና አድርጋ ነው። ዛሬ ቃሉ የሚያስታውሰን ካቦርት ደርቦ በግቢ በር ላይ የሚያመሽ፣ መኪና ሲመጣ ሮጦ የሚከፍት፣ ስሙን እንኳ ብዙ ነዋሪ የማያውቀው ሰው ነው። መዝገበ ቃላት ብንከፍት ግን በሁለቱም ዘመን የምናገኘው ፍቺ አንድ ነው፤ የሚጠብቅ ሰው፣ ዘብ የሚቆም።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የተማረ ሁሉ የዚህን ጉዳይ ስም ያውቀዋል። ቃል እማሬያዊ ፍቺ አለው፤ ፍካሬያዊ ፍቺም አለው። የመጀመሪያው ቃሉ በቀጥታ የሚያመለክተው ነገር ነው። ሁለተኛው ከዚያ ጋር ተያይዞ በሰሚው አእምሮ የሚመጣው ስሜት፣ ግምት፣ ክብር ወይም ንቀት ነው። የመማሪያ መጻሕፍቱ ምሳሌ አብዛኛውን ጊዜ ከእንስሳት የተወሰደ ነው፤ አንበሳ ለጀግና፣ አህያ ለሞኝ፣ እባብ ለተንኮለኛ። ምሳሌዎቹ ስሕተት የለባቸውም። ነገር ግን ፍካሬ ከጥንት ጀምሮ በቃሉ ውስጥ የተቀመጠ፣ ማንም ያላስቀመጠው ነገር ያስመስሉታል። አህያዋ መቼ፣ በማን ዘንድ ሞኝ እንደተባለች የሚጠይቅ መልመጃ አይቼ አላውቅም።

ፍካሬን ከሰምና ወርቅ ጋር የሚያምታቱም አሉ። ሰምና ወርቅ የተናጋሪው ችሎታ ነው፤ ባለ ቅኔው አስቦ ይሠራዋል፣ አዋቂው ይፈታዋል። ፍካሬ ግን የማንም ግለሰብ ሥራ አይደለም። ሳናስበው እንሸከመዋለን፣ ሳናስበው እናስተላልፈዋለን። አዲስ አበባ ውስጥ «እገሌ አማኑኤል ገባ» ሲባል ሰሚው የሚረዳው ሰውዬው የአእምሮ ሕመም እንደያዘው ነው። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» የሚል ፍቺ ያለው፣ ሰው ለልጁ በደስታ የሚያወጣው ስም፣ በአንድ ሆስፒታል ምክንያት ከዚህ ሁሉ የራቀ ሌላ ድምፅ አገኘ። ይህን ያደረገ ባለ ቅኔ የለም። ያደረግነው ሁላችንም ነን።

በአማርኛ የፍካሬን ሥራ ለማየት ከሥራ ስሞች የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም። በተለይ ደግሞ ከእጅ ሥራ።

«ጠይብ» የሚለውን ቃል እንውሰድ። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ሰው ነው። ግንዱ ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ነው፤ ጠቢብ ደግሞ ብልህ፣ አዋቂ ማለት ነው። ከዚሁ ግንድ የወጣው «ጥበብ» ለፍልስፍናም ለኪነ ጥበብም እንጠቀምበታለን፤ በሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሠራውንም ጌጥ ጥበብ እንለዋለን። ስለዚህ በአንድ ግንድ ላይ ሦስት ዕጣ አለ። የተማረው ጠቢብ ይከበራል። ጨርቁ ጥበብ ይደነቃል፣ በውድ ይሸጣል። ሠሪው ጠይብ ግን «ቡዳ» ተብሎ ተፈራ፣ ማታ ጅብ ይሆናል ተብሎ ተወራበት፣ ልጁን መዳር ነውር ሆነ። ያለ እሱ ማረሻ ገበሬው ማረስ አይችልም ነበር። ያለ ሸክላ ሠሪዋ ምጣድ እንጀራ አልነበረም፤ ያለ ጀበናዋም ቡና።

በዝማሬም ዘንድ እንዲሁ ነው። «ዘማሪ» እና «አዝማሪ» ከአንድ ግስ የወጡ ናቸው። አንዱ በቤተ ክርስቲያን ያመሰግናል፣ ሰው ይነሣለታል። ሌላው በጠጅ ቤትና በሰርግ ማሲንቆውን ይዞ ያወድሳል፤ ገንዘብ በግንባሩ ይለጠፍለታል፣ ልጅህን ስጠኝ ቢል ግን ይሳቅበታል። ልዩነቱ በግሱ ውስጥ ተደብቆ የኖረ አይደለም። አንደኛው የሚዘምረው ለእግዚአብሔር ነው፤ ሁለተኛው ለሚከፍለው።

በጋፋት የሆነውን ማስታወስም ያስፈልጋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ባለው በጋፋት አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ አሠሩ፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ከዚያ ወጣ። ብረት አቅልጠው የቀረጹት እነዚያ ሰዎች በንጉሡ ዘንድ ሞገስ ነበራቸው። እነሱን ቡዳ ያላቸው አልተሰማም። እሳቱ ያው እሳት፣ ወናፉም ያው ወናፍ ነበር። የተለየው ወናፉን የያዘው እጅ ነው።

ዐፄ ምኒልክ ይህን በሚገባ ያዩ ይመስላል። በ1900 ዓ.ም. ያወጡት አንድ አዋጅ በአገራችን የሕግ ታሪክ ውስጥ ልዩ ቦታ ሊሰጠው ይገባል፤ ምክንያቱም የቃላትን ፍካሬ በንጉሥ ትእዛዝ ለመለወጥ የተሞከረበት ነውና። አዋጁ ስድቦቹን በየተራ ይዘረዝራቸዋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ፣ ቆዳ የሚሠራውን ፋቂ እያላችሁ ትሰድባላችሁ፤ እንዲህ እየሰደባችሁ ብልሃተኛውን አስቀራችሁት ይላል። ሥራ የሚያውቅ ሰው በአውሮፓ መሐንዲስ ተብሎ እንደሚከበር ያስረዳል። የሰው ሁሉ ዘር ከአዳምና ከሔዋን መሆኑን ያስታውሳል። ከእንግዲህ እንዲህ ብሎ የተሳደበ ንጉሡን ራሳቸውን እንደሰደበ ይቆጠራል፤ ቅጣቱም አንድ ዓመት እስራት ነው።

የአዋጁ አስተዋይነት ያስገርማል። የዘረዘራቸው ስሞች ግማሾቹ በራሳቸው ስድብ አይደሉም። «ፋቂ» ማለት ቆዳ የሚፍቅ ማለት ነው፣ በቃ። ንጉሡ የከለከሉት ቃሉን በፍቺው መጠቀምን ሳይሆን በቃሉ ላይ የተጫነውን ነው። በዛሬው አነጋገር አዋጁ የተጻፈው በፍካሬያዊ ፍቺ ላይ ነው።

ግን አልሠራም። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም በሰሜን አዲስ አበባ በቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ሰፈራቸውን ሲጠየቁ የሚያመነቱበት ምክንያት ያው የድሮው ነው። ሽሮ ሜዳ ላይ የሚሸጠውን ቀሚስ የሚሸምኑት ከጋሞ ደጋ የመጡ ዶርዜዎች ናቸው። «ዶርዜ» የአንድ ሕዝብ ስም ሲሆን በመሀል ከተማ ሰው አፍ ለረጅም ጊዜ «ሸማኔ» ለማለት ሲያገለግል ቆየ፤ ብዙ ጊዜም ከናቀ ድምፅ ጋር። የሕዝብ ስም የሥራ ስም፣ የሥራውም ስም የንቀት ስም ሆነ ማለት ነው።

አዋጁ ለምን ከሸፈ? ሰዎች ክፉ ስለሆኑ ነው የሚለው መልስ ያስቸግረኛል፤ ምንም አያስረዳምና። እኔ የማምነው ነገር መሬት ነው። በሰሜኑ ሥርዓት ክብር የሚመነጨው ከርስት ነበር። ርስት ያለው ያርሳል፣ ይዋጋል፣ ይወርሳል፣ ያወርሳል። ርስት የሌለው በእጁ ሥራ ያድራል። ስለዚህ «ጠይብ» የሚለው ቃል በቀጥታ ሲፈታ ብረት ሠሪ ቢሆንም፣ ሰሚው ጆሮ ላይ ሲደርስ «መሬት የሌለው፣ ከማን እንደሆነ የማይታወቅ» ማለት ነበር። ምኒልክ ስድቡን ከለከሉ እንጂ ለጠይቡ ርስት አልሰጡም። ቃሉን የሚያቆሽሸው ምንጭ እንዳለ ቀረ።

ይህን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የቤተ እስራኤል ታሪክ ነው። በጎንደር ዙሪያ የሚኖሩ ቤተ እስራኤላውያን ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ግንበኛም ነበሩ። ጎረቤቶቻቸው የሚጠሯቸው «ፈላሻ» ብለው ነው። ቃሉ ከ«ፈለሰ» የመጣ ነው፤ አገሩን ትቶ የሄደ፣ ስደተኛ። በግእዝ «ፈላሲ» ዓለምን ንቆ የመነነ መነኩሴም ሊባል ይችላል፤ ይህ እንግዲህ ትልቅ ምስጋና ነው። ታዲያ መነኩሴውን ያከበረው ግስ ቀጥቃጩን እንዴት አዋረደ? በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው አዘዙ የሚል ትውፊት አለ። ትውፊቱ በዝርዝሩ ባይያዝ እንኳ የቃሉን ክብደት በትክክል አስቀምጦታል። መነኩሴው መሬቱን የተወው ወዶ ነው፤ እነዚህኞቹ ተነጥቀው ነው። ክብሩና ውርደቱ የተለያዩት እዚያ ላይ ነው።

ማኅበረሰቡ ራሱን የሚጠራው «ቤተ እስራኤል» ብሎ ነው፤ ዛሬ በጽሑፍ የጸናውም ስም ይኸው ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች በ36 ሰዓት ገደማ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ ብዙዎች የድሮው ስም አዲስ አበባ ላይ የቀረ መስሏቸው ነበር። እዚያ የጠበቃቸው ግን ሌላ ነው። እዚህ ከአገሩ ያልሆነ፣ ፈላሽ ሲባል የኖረ ሰው እዚያ ሲደርስ «ኢትዮጵያዊው» ተባለ። መንገድ ላይ ደግሞ «ኩሺ» የሚል ቃል ሰማ። ይህ ቃል በዕብራይስጡ መጽሐፍ ቅዱስ የኩሽ አገር ሰው ማለት ብቻ ነው፤ የሙሴ ሚስትም በዘኁልቁ ምዕራፍ 12 የተጠራችው በዚሁ ነው። በዛሬው የዕብራይስጥ ንግግር ግን ለጥቁር ሰው የሚወረወር ስድብ ነው። ሦስት ሺህ ዘመን ገደማ ያስቆጠረ፣ ከቅዱስ መጽሐፍ የወጣ ቃል እንኳ ከዚህ አላመለጠም።

እስካሁን ያነሣኋቸው ሁሉ ያልተሳኩ ናቸው። የተሳካ የሚመስል አንድ አለ፤ እሱም «አርሶ አደር» ነው።

«ባላገር» የሚለው ቃል እንደ አፈጣጠሩ የአገር ባለቤት ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ክቡር ስም ከየት ይመጣል? ሆኖም ከተሜው አፍ ውስጥ ገብቶ ያልሠለጠነ፣ መንገድ የማያውቅ፣ በቀላሉ የሚታለል ሰው ማለት ሆነ። «ገበሬ»ም የተሻለ ዕድል አላገኘም። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በአዲሱ የፖለቲካ ቋንቋ ውስጥ «አደር» የተለጠፈባቸው ስሞች ጎርፍ ሆኑ። አርሶ አደር፣ አርብቶ አደር፣ ላብ አደር፣ ወዝ አደር። የደርግ ዘመን ገዥ ፓርቲ የነበረው የኢሠፓ ልሳን ጋዜጣ ራሱ ስሙ «ሠርቶ አደር» ነበር። አሠራሩ ለአማርኛ እንግዳ አልነበረም፤ «ወታደር»ን ወጥቶ አደር ብለው የሚፈቱት ብዙዎች ናቸው። ብልሃቱ የሰውየውን ስም ከምን አድሮ እንደሚኖር ጋር ማያያዙ ነው፤ በጉልበቱ የሚያድር እንጂ በሰው የማይኖር።

ከእነዚህ ስሞች መካከል ላብ አደርና ወዝ አደር ከደርግ ጋር አብረው ሄዱ። ዛሬ «ላብ አደር» የሚል ሰው ቢገኝ ያን ዘመን ለመቀለድ ወይም ለመናፈቅ ነው። አርሶ አደር ግን ቀረ። ሦስት መንግሥታት ተጠቀሙበት፤ ዜና አንባቢው፣ የባንክ ብድር ሠራተኛው፣ የግብርና ባለሙያው ሁሉ ያለ ሌላ ሐሳብ ይለዋል። ልዩነቱ ምንድን ነው? የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ከባለ ርስትና ከባለ ጉልት ወጥቶ የሚያርሰው እንዲጠቀምበት ታወጀ። ስሙ ብቻውን አልመጣም፤ መሬት ይዞ መጣ። ጭሰኛ የነበረው ሰው ጭሰኛ መሆኑ ቀረ። ያ አዋጅ ከሌላው ሁሉ ጉድለቱ ጋር፣ በመርህ ደረጃ ለእጅ ባለሙያዎችና ለቤተ እስራኤላውያንም የመሬት መጠቀም መብት የከፈተ ነበር፤ በየቦታው ጎረቤት ቢቃወመውም።

የላብ አደሩስ? በስም «የአገሩ መሪ መደብ» ተባለ። ኑሮው ግን መሪ የሚያሰኝ አልነበረም። ስሙም እንደ መፈክሩ ደረቀ።

በዚህ ላይ ልጨምር የምፈልገው፣ የአርሶ አደርም ድል ሙሉ አይደለም። በጽሑፍና በስብሰባ ላይ ነግሦ ሳለ፣ በከተማ ጠብ መካከል «ገበሬ!» የሚለው ስድብ አሁንም አለ። መሬቱን ቢያገኝም ገበያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪም ቤቱ ከተማ ውስጥ ነውና በቃሉ ላይ የከተማው ሚዛን እንዳለ ነው። «ባላገር» ግን ሰሞኑን እየተነሣ ይመስላል፤ የቴሌቪዥን ጣቢያና የሙዚቃ ውድድር በኩራት ወስደውታል። ይህ ግን በአብዛኛው ገጠሩን ከተዉት በኋላ የሚናፍቁት ሰዎች ኩራት ነው። አሁንም ከሞፈሩ ኋላ ያለው ሰው ቃሉን እንዴት እንደሚሰማው የሚጠይቀው የለም።

ተቃራኒውም አለ፤ ስሙ ሳይነካ ክብሩ የወረደ። «አስተማሪ» እና «መምህር» በየትኛውም ማስታወቂያ ላይ አልተለወጡም፣ ማንም ስድብ አላደረጋቸውም። ነገር ግን በአያቶቻችን ጊዜ አስተማሪ የቀበሌው ደብዳቤ ጸሐፊ፣ ሽማግሌ፣ በደመወዙ ወንድሞቹን የሚያሳድግ ሰው ነበር። ዛሬ «አስተማሪ ነው» ሲባል ሰሚው አብሮ የሚያስበው የቤት ኪራይ ነው። አዘኔታ የገባበት ክብር ከድሮው ክብር ጋር አንድ ዓይነት አይደለም። ፍካሬ ከቃል ሳይሆን ከኑሮ እንደሚመነጭ ለሚጠራጠር ይህ ምሳሌ ይበቃል።

አሁን በየቤታችን ወዳለው እንምጣ። «ገረድ» የሚለው ቃል በደህና ቤት ከአፍ መውጣት አቁሟል። ቦታውን «ሠራተኛ» ያዘ። በምኒልክ ዘመን ጥበበኛ ማለት የነበረው፣ በደርግ ዘመን መደብ የነበረው፣ ከ«የመንግሥት» ጋር ሲሆን ዛሬም የሚያኮራው ቃል በጓዳ በኩል ሲገባ ሌላ ሆነ። «ሠራተኛ አላችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ ፋብሪካ ስላለን አይደለም የምንጠየቀው። ይህም ሲከብድ «የቤት ውስጥ ረዳት» እና «አጋዥ» መጡ። ከሁሉም ለስላሳ የሚመስለው ግን «ልጅቷ» ነው። ልጅቷ ወጡን ሠራች? ልጅቷ ወደ ገበያ ሄዳለች። ልጅቷ የሁለት ልጆች እናት፣ የአርባ ዓመት ሴት ልትሆን ትችላለች።

ፍካሬው የሚኖረው በስሙ ብቻ አለመሆኑን እዚህ ጋ በደንብ እናያለን። አማርኛ ክብርን በሰዋስው የሚያስቀምጥ ቋንቋ ነው። የቤቱ የስድስት ዓመት ልጅ እናቱን የምታህለውን ሴት «አንቺ» ይላታል፤ ሲያድግም አይተወውም። እሷ ግን እመቤቲቱን «እትዬ»፣ አባወራውን «ጋሼ» እያለች ነው የምትኖረው፤ በዕድሜ ቢያንሷትም። «እትዬ» እና «ጋሼ» በመሠረቱ ታላቅ እኅትንና ታላቅ ወንድምን በፍቅር የምንጠራባቸው ናቸው። ዝምድናን የሚያመለክቱ ቃላት በአንድ ጣሪያ ሥር የጌታና የሎሌን ልክ ሲጠብቁ ይውላሉ። ስሟን ከገረድ ወደ ረዳት ብንለውጥና «አንቺ»ውን ብንተወው፣ የለወጥነው የመጋረጃውን ቀለም ነው።

ይኸው ሴት ወደ ዓረብ አገር ብትሄድ ሌላ መዝገበ ቃላት ይቀበላታል። «በኮንትራት ሄደች» ይባላል። እዚያ «ካዳማ» ናት፤ ከዓረብኛ የገባ፣ አገልጋይ ማለት የሆነ ቃል ነው። አሠሪዋን «ማዳም» ትላለች። ማዳም በፈረንሳይኛ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ከቤይሩት ወይም ከዱባይ በተመለሰች ሴት አፍ ግን ፓስፖርት የሚቆለፍበትን መሳቢያ ጭምር ያስታውሳል። እንዳጋጣሚ አይደለም፤ የከፋላ አሠራር የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአንዲት አሠሪ ጋር ስለሚያስር ነው።

በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ ሌላ ብልሃት ይታያል። በዋሽንግተንና በአካባቢው በመኪና ማቆሚያ ሥራ ያለፉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ሥራቸውን በአማርኛ የሚጠራው የለም፤ «ፓርኪንግ እሠራለሁ» ነው የሚባለው። አረጋዊ የሚጦር «ኬርጊቨር» ነው። የባዕድ ቃል እዚህ የሚወደደው ስለሚያምር ብቻ አይመስለኝም። በእኛ ቋንቋ ውስጥ ገና ያልዋለ፣ ማንም ተሰድቦበት የማያውቅ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ ላይ «ሴኩሪቲ» እና «ካሸር» የሚስፋፉትም በዚሁ ምክንያት ነው። ግን ዕድሜያቸው አጭር ነው። «ሊስትሮ» ከጣልያንኛ ሲገባ ንጹሕ ነበር፤ ዛሬ ስንት እናት ልጇን «ካልተማርክ ሊስትሮ ትሆናለህ» ብላ ትቆጣለች?

የካናዳ ተወላጁ የሥነ ልሳን ምሁር ስቲቨን ፒንከር ይህን አዙሪት በእንግሊዝኛ አስተውሎታል። የሚያሳፍር ነገር ለስላሳ ስም ይሰጠዋል፣ ለስላሳው ስም በተራው ይሻክራል፣ ሌላ ይፈለጋል። አስተያየቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን አዙሪቱ መቼ እንደሚቆምም ማየት ይገባል። ጭሰኛው አርሶ አደር ሲሆን ቆሞ ነበር፤ ቢያንስ ግማሹ።

ወደ ሕጉ እንመለስ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ጥበቃ የሚሰጠው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ምክንያት ለሚሰነዘር ጥላቻ ነው። ሥራ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። በ1900 ዓ.ም. ንጉሡ ያሰቡት ነገር ከ112 ዓመት በኋላ በተጻፈው ሕግ ውስጥ ቦታ አላገኘም። በእርግጥ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ በማኅበራዊ አመጣጥ መድልዎን ይከለክላል፤ ሆኖም ይህ ከሰፊ መርህ አልፎ «ጠይብ» ተብሎ ለተሰደበ ሰው ደጃፍ የሚደርስ አይደለም። ይጨመር የሚሉ ይኖራሉ። አልቃወማቸውም፣ ብዙም ግን አልጠብቅም። ፍርድ ቤት ውስጥ ተከሳሹ መዝገበ ቃላቱን አቅርቦ «ብረት ሠሪ ነው ያልኩት፣ ስድቡ የቱ ነው?» ቢል፣ ዳኛው በመዝገበ ቃላቱ ላይ የሌለውን ነገር በምን ማስረጃ ያረጋግጣል? ምኒልክ ስድቦቹን በስማቸው የዘረዘሩት ይህ ገብቷቸው ይሆናል። ዝርዝር ግን ሁልጊዜ ከስድቡ ኋላ ነው የሚሮጠው።

እኔ ይልቅ ዓይኔን የምጥለው በሌላ ሕግ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ውስጥ ግላዊ አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ፣ የሥራ ሁኔታውን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲወስን ትቶታል። በሌላ አነጋገር በየቤቱ «ሠራተኛ» የምንላት ሴት በሠራተኛ ሕግ ዓይን ሠራተኛ አይደለችም። የዕረፍት ቀኗ፣ የሥራ ሰዓቷ፣ የስንብት ማስጠንቀቂያዋ በአሠሪዋ ደግነት ላይ ነው። «ረዳት» ብለን ስንጠራት የሚሰማን ርኅራኄ እውነተኛ ሊሆን ይችላል። እሁድን የምታርፍበት አንቀጽ ሲጻፍላት ግን «ሠራተኛ» የሚለው አሮጌው ቃል ሳይለወጥ ሊበቃት ይችላል።